ተወርዋሪ ኮከቦችን ከነኮሚቴው ፎቶ ስለማንሳት

የአብሮነት የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበር
የሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ልደታ፣ የማኅበሩ ኮሚናል ቤት (ግማሹ በሠርግ ድስቶች የተያዘ በመሆኑ በቀሪው ግማሽ)
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 10፡20፣ ሊቀመንበሩ «እንግዲህ ሰዓቱን አክብረን እንጀምር» ካሉበት ጊዜ አንስቶ

የተገኙ አባላት

1. አቶ በዕውቀቱ፣ ሊቀመንበር፤ የጣሪያው በር አንደኛ ቁልፍ ያዥ
2. ወ/ሮ ሠርካዲስ፣ ገንዘብ ያዥ፤ ሁለተኛ ቁልፍ ያዥ፤ ምድር ቤት የሀበሻ ልብስ ሱቅ ያላቸው
3. አቶ ሙለታ፣ ቁጥጥር፤ ሦስተኛ ቁልፍ ያዥ
4. ወ/ሪት ማሂ፣ የወጣቶች ተወካይ
5. ወ/ሮ ጠጅቱ፣ አባል፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከኮሚናሉ በላይ ባለው የቤታቸው መስኮት ሆነው
6. ፈቃደ፣ ጸሐፊ፤ በጡረታ የተገለለ የችሎት ጸሐፊ፣ ይህን የሚጽፈው

ያልተገኘ አባል

አቶ ገዳ። «ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ» ሲሉ ደውለዋል። ከጀርባቸው የግቢያችን በር ሲጢጥ ሲል ተሰምቷል።

በጥሪ የተገኙ

አቶ ኢብራሂም፣ የማኅበሩ ነዋሪና አመልካች፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የፎቶ ቤት ባለቤት

ምልዓተ ጉባኤ

ከሰባት አባላት ስድስቱ በመገኘታቸው ተሟልቷል። አቶ ሙለታ በመስኮት የተገኘ አባል እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠራል ወይስ እንደ ግማሽ ሲሉ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንስተዋል። ወ/ሮ ጠጅቱ ከላይ «ሙሉ ነኝ!» በማለታቸው ጥያቄው ታልፏል።

አጀንዳ አንድ፦ የአቶ ኢብራሂም ማመልከቻ

ወደ ጉዳዩ ከመገባቱ በፊት ስለ ጣሪያው በር ማስታወስ ያስፈልጋል። በሩ ሦስት ጓጉንቸር አለው። ጣሪያው ላይ ካለው ሮቶ ውሃ ሌሊት ሌሊት ይጎድላል ተብሎ ሁሉም ሁሉንም በጠረጠረበት ጊዜ፣ እንደ እድር ሣጥን ሦስት ሰዎች ሦስት ቁልፍ ይያዙ ተብሎ የተደረገ ነው። ሦስቱ ቁልፍ ያዦች አንድ ላይ ካልተገኙ በሩ አይከፈትም። አንድ ላይ ሲገኙ ደግሞ አይግባቡም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ላይ የወጣ ሰው የለም፣ ውሃውም መጉደሉን አላቆመም።

አቶ ኢብራሂም ማመልከቻቸውን በቃል አስረድተዋል። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ተወርዋሪ ኮከቦች በብዛት እንደሚታዩ፣ የሚበዙትም ዛሬ ሌሊት እንደሆነ፣ ጨረቃዋም ዘግይታ ስለምትወጣ ሰማዩ ጨለማ እንደሚሆን ገልጸዋል። ከአጥራችን ማዶ የሚሠራው ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በመድረሱ በሚቀጥለው ዓመት ከጣሪያችን የሚታየው ሰማይ ሳይሆን የሰው ሰገነት ላይ የተሰጣ ልብስ ይሆናል ብለዋል። ስለዚህ ለዚች ለዛሬ ሌሊት ብቻ የጣሪያው በር እንዲከፈትላቸውና የግቢው ፓውዛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት እንዲጠፋላቸው በትሕትና ጠይቀዋል።

ሊቀመንበሩ ይህ ነገር ለምን እንደሚጠቅማቸው ጠይቀው፣ አመልካቹ የመለሱት እንዳለ እንዲመዘገብ ታዟል፦

«ከሠላሳ ዓመት በላይ ጉርድ ፎቶ ነው ያነሳሁት። አገጭ ቀና፣ ጆሮ ይታይ፣ ዓይን እንዳይጨፈን። እዚህ ያላችሁትን በሙሉ አንስቻችኋለሁ። አሁን መታወቂያውም ፓስፖርቱም እዚያው ቢሮው ውስጥ በኮምፒውተር ሆኗል፣ ወሩ ሲያልቅ ሱቄን አስረክባለሁ። እና ከመዝጋቴ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ነጭ መጋረጃ ፊት ዝም ብሎ የማይቀመጥ ነገር ላንሳ ብዬ ነው።»

ከዚህ በኋላ ጥያቄና አስተያየት ቀርቧል።

አቶ ሙለታ ኮከቦቹ ሮቶው ላይ ቢወድቁ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። ወ/ሪት ማሂ ስልኳን እያየች ኮከብ እንዳልሆኑ፣ ከጠጠር የማይበልጡ ድንጋዮች ሆነው አየር ላይ ተቃጥለው እንደሚያልቁ ካስረዳች በኋላ «ምንም አይነኩንም፣ ሼም ነው በናታችሁ» ብላለች። ሊቀመንበሩ ድንጋይ ከሆነማ ነገሩ ፎቶ መሆኑ ቀርቶ የጸጥታ ጉዳይ ነው በማለት አጀንዳው ወደ ሌላ ንዑስ ኮሚቴ እንዲመራ ሐሳብ አቅርበዋል። ሌላ ንዑስ ኮሚቴ ባለመኖሩ ሐሳቡ ወድቋል። ወ/ሮ ጠጅቱ በበኩላቸው ኮከብ ሲወድቅ ሰው ይሞታል ሲባል እንደሚሰሙ ገልጸው፣ ሟቹ ከሌላ ብሎክ የሆነ እንደሆነ ተቃውሞ እንደሌላቸው ከመስኮቱ አሳውቀዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ኮከቦቹ እንዲወድቁ በሙሉ ድምፅ ተፈቅዷል። አቶ ኢብራሂም የጠየቁት በሩ እንዲከፈት እንጂ ኮከቦቹ እንዲወድቁ እንዳልሆነ ቢያመለክቱም፣ ሊቀመንበሩ ሁሉም ነገር በቅደም ተከተል እንደሚታይ አስረድተዋል።

አጀንዳ ሁለት፦ የፓውዛው መጥፋት

ወ/ሮ ሠርካዲስ ፓውዛው ከጠፋ የሱቃቸው መስታወት ለሌባ ይጋለጣል በማለት ተቃውመዋል። አቶ ሙለታ በቅድሚያ የወ/ሮ ሠርካዲስ አቋም ምን እንደሆነ አጣርተው ሲያበቁ፣ እሳቸው ፓውዛው እንዲጠፋ ከድሮም ጀምሮ አጥብቀው ይፈልጉ እንደነበረ ገልጸዋል።

የጥበቃ ሠራተኞቹ ተጠርተው ሐሳባቸውን እንዲሰጡ ተደርጓል። ፓውዛው ሲበራ ግቢው ደኅና ስለሚመስላቸው እንደሚተኙ፣ ሲጠፋ ግን ፈርተው እስኪነጋ እንደሚቀመጡ በሐቅ መስክረዋል። ይህም ለውሳኔው ትልቅ ግብዓት ሆኗል።

ስለዚህ ፓውዛው ለጥበቃው መጠናከር ሲባል እንዲጠፋ ተወስኗል። ሆኖም ነዋሪው ፓውዛው በኮሚቴው ውሳኔ እንጂ በብልሽት እንዳልጠፋ በግልጽ ያይ ዘንድ ከሥሩ አንድ ትልቅ አምፖል እንዲበራ የሊቀመንበሩ ማሻሻያ ታክሎ ጸድቋል። አቶ ኢብራሂም እጃቸውን አውጥተው ነበር። ተራ ሳይደርሳቸው አጀንዳው ተዘግቷል።

አጀንዳ ሦስት፦ ፎቶው ላይ የሚኖሩ ሰዎች

ይህ አጀንዳ በፕሮግራሙ አልነበረም። የተነሳው ሊቀመንበሩ «ለመሆኑ ፎቶው ላይ እነማን ናቸው ያሉት?» ብለው አቶ ኢብራሂም «ማንም፤ ሰማይ ብቻ ነው» ብለው በመመለሳቸው ነው።

ኮሚቴው በዚህ መልስ ማዘኑን ገልጿል። ሊቀመንበሩ በማኅበሩ ጣሪያ፣ በማኅበሩ ፈቃድ፣ ማኅበሩ ባጠፋው መብራት ተነስቶ የማኅበሩ ሰው የሌለበት ፎቶ፣ ሠርግ ተጠርቶ ድንኳኑን ብቻ አንስቶ እንደመሄድ ነው ብለዋል። በዚህ ነጥብ ላይ አቶ ሙለታና ወ/ሮ ሠርካዲስ በአንድ ሐሳብ ተስማምተዋል። ጸሐፊው በኮሚቴው ባገለገለባቸው ዓመታት ይህን ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው በሙሉ ፎቶው ላይ እንዲኖር ተወስኖ ወደ ዝርዝሩ ተገብቷል።

ሊቀመንበሩ መሐል በወንበር እንዲቀመጡ፣ ሌሎች ግራና ቀኝ እንዲቆሙ ተወስኗል። ወ/ሮ ሠርካዲስ አባላቱ አረንጓዴ ጥለት ያለው አንድ ዓይነት ልብስ ቢለብሱ ለማኅበሩ ክብር እንደሚሆን ሐሳብ አቅርበዋል። እንዲህ ያለ ልብስ በዚህ ሰዓት ከየት ይገኛል ተብለው ሲጠየቁ፣ አጋጣሚ ሆኖ ሱቃቸው ውስጥ እንዳለ አስታውሰዋል። አቶ ሙለታ የጥቅም ግጭት ነው በማለት ወ/ሮ ሠርካዲስ ድምፅ እንዳይሰጡ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ሠርካዲስ ድምፅ እንደማይሰጡ እጃቸውን አውጥተው አረጋግጠዋል፤ እጃቸውም ተቆጥሯል።

ወ/ሮ ጠጅቱ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ መስኮታቸው ፎቶው ላይ እንዲገባ ጠይቀዋል። መስኮቱ ከጣሪያው ሦስት ፎቅ በታች መሆኑ ቢነገራቸውም «እናንተ ዝቅ በሉ» ብለዋል። ዘዴውን አቶ ኢብራሂም እንዲፈልጉለት ተወስኗል። ያልተገኙት አቶ ገዳ በኮምፒውተር እንዲጨመሩ፣ ሲጨመሩም ከዳር እንዲሆኑ ተወስኗል።

በመጨረሻም ኮከቦቹ በሊቀመንበሩ ፊት ሲያልፉ ሊጋርዷቸው ስለሚችሉ ከኋላቸውና ከወደ ግራቸው እንዲወድቁ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ቀርቧል። አቶ ኢብራሂም ኮከብ ታዞ እንደማያውቅ ሲያስረዱ ሊቀመንበሩ «ይህን ሁሉ ዓመት ሰውን ቀና በሉ፣ ወደ ግራ በሉ ሲሉ ኖረው ለኮከብ ያቅትዎታል?» በማለት ሞራል ሰጥተዋቸዋል።

ወ/ሪት ማሂ በጨለማ የማንም ፊት እንደማይታይ ጠቁማለች። ይህ ትልቅ ድንጋጤ ፈጥሯል። ከሰፊ ውይይት በኋላ የአባላቱ ፊት በደንብ እንዲታይ ፓውዛው ወደ ጣሪያው ዞሮ እንዲበራ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ጸሐፊው ይህ ከአጀንዳ ሁለት ውሳኔ ጋር እንደሚጣረስ ለማስታወስ ሞክሮ፣ ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አያስታውስም ተብሏል። ስለዚህ ጽፏል።

ወ/ሪት ማሂም ተስፋ ቆርጣ «እሺ በቃ እኔን ከፎቶው አውጡኝ፣ ሰውዬውን ግን ልቀቁት» ማለቴ ይመዝገብልኝ ብላለች። ተመዝግቧል።

አጀንዳ አራት፦ አለመንቀሳቀስን ስለመለማመድ

አቶ ኢብራሂም በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲነሳ ካሜራው ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ዓይኑን ገልጦ እንደሚቆይ፣ በዚያ ጊዜ የተንቀሳቀሰ ሰው እንደ ጭስ ሆኖ እንደሚወጣ አስረድተዋል። ጸሐፊው እንደታዘበው ይህን የተናገሩት ኮሚቴው ሐሳቡን ይተወዋል ብለው ነው። ኮሚቴው ግን አሁኑኑ ልምምድ እንዲደረግ ወሰነ።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ አባላቱ በተወሰነው አቀማመጥ ሆነው አቶ ኢብራሂም መቁጠር ጀመሩ። ብዙም ሳይሄዱ ሊቀመንበሩ «ጀመርን እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ሙከራው ተሰርዟል።

ሁለተኛው ሙከራ፦ የወ/ሮ ሠርካዲስ ስልክ ጮኸ። ወ/ሮ ሠርካዲስ ሳይንቀሳቀሱ አንስተው፣ መንቀሳቀስ እንደማይችሉና ምክንያቱን በሹክሹክታ አስረድተው፣ ቀጥሎም የደዋይዋን የልጅ ልጅ ጤንነት ጠይቀዋል። ሙከራው ተሰርዟል።

ሦስተኛው ሙከራ፦ ሁሉም ዝም አሉ። ስልክ አልጮኸም። ቆጠራው ሊያልቅ ሲል ወ/ሮ ጠጅቱ ከላይ «ምነው ዝም አላችሁ? ምን ሆናችሁ? ኧረ ሰው ድረሱ!» ብለው በመጮኻቸው ጥበቃዎቹ በሩን በርግደው ገብተዋል። ሙከራው ተሰርዟል።

አራተኛው ሙከራ፦ አቶ ሙለታ ሊቀመንበሩ ተንፍሰዋል ሲሉ ከሰሱ። ሊቀመንበሩ መተንፈስ በመተዳደሪያ ደንቡ እንዳልተከለከለ ተከራከሩ። ወ/ሮ ሠርካዲስ በደንቡ ያልተከለከለ ብዙ ነገር አለ፣ ለምሳሌ ውሃ መቅዳት፣ አሉ። ከዚህ በኋላ ውይይቱ ወደ ሮቶው ዞሯል። ጸሐፊው የውሃውን ጠብ ባለፉት ቃለ ጉባኤዎች በበቂ ሁኔታ የጻፈው ስለሆነ እዚህ አልደገመውም። የተጨመረ አዲስ ስድብ የለም።

ጠቡ ሲበርድ አቶ ኢብራሂም ቆመው ነበር። የካሜራቸውን ቦርሳ ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። «በቃ ይቅር። ኮሚቴውን አላስቸግር፤ ጾም ላይም ናችሁ፣ ውላችሁ ደክማችኋል» ብለዋል። ቅሬታ በድምፃቸው አልነበረም። ቅሬታ ቢኖር ለጸሐፊው ይሻለው ነበር። ሃያ ዓመት ችሎት ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ተከራክሮ ሲሸነፍ አይቶ አዝኖ አያውቅም፤ ሳይከራከር ሲወጣ ማየት ግን እስከ ዛሬ አልለመደውም።

አጀንዳ አምስት፦ ልዩ ልዩ

አቶ ሙለታ የመናገር ዕድል ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። አቶ ኢብራሂምን «አንዴ ቁጭ በል» ብለዋቸዋል። ከዚህ በታች ያለው እንዳለ እንዲመዘገብ አልጠየቁም፤ ጸሐፊው መዝግቦታል።

«ደሚቱን ታውቋታላችሁ። ፎቶ አትወድም ነበር። ሠርጋችን ላይ እንኳ ካሜራ ሲመጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ነው በቅጡ የተነሳችው፣ ለቀበሌ መታወቂያ፣ እሱ ጋ። ያረፈች ቀን ድንኳን ሲተከል የሚሰቀል ፎቶ አጣሁ። ለቀስተኛ ሊመጣ ነው፣ እኔ የሚስቴን መልክ የማሳይበት የለኝም። ይሄ ሰው ማን እንደነገረው አላውቅም፣ ሌሊት ሱቁን ከፍቶ፣ ያቺን ጉርድ ፎቶ ከስንት ሺህ መሐል ፈልጎ፣ አጉልቶ፣ ፍሬም አግብቶ ሳይነጋ ይዞልኝ መጣ። እኔ አልለመንኩትም። አሁን ቤቴ ስገባ የምታየኝ ያቺ ፎቶ ነች፤ ሌላ የሚያየኝ ሰው የለም። እና እሱ አንድ ሌሊት ቁልፍ ስጡኝ ቢለን ቀኑን ሙሉ ቆሞ እንዲለምን አደረግነው። እኔ አፈርኩ። እናንተ እንደፈለጋችሁ።»

ይህን ብለው ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል።

ወ/ሮ ሠርካዲስ የእናታቸውን ድንኳን ፎቶ ያጎሉት እኚሁ ሰው መሆናቸውን ተናግረዋል። ዓይናቸው ውስጥ የገባው አቧራ መሆኑም እንዲያዝላቸው ጠይቀው፣ ከጡታቸው ሥር ቁልፋቸውን አውጥተው ከአቶ ሙለታ ቁልፍ አጠገብ አኑረዋል። ከላይ ወ/ሮ ጠጅቱ «የባሌንም እሱ ነው!» ብለዋል።

ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ተመለከተ።

ሊቀመንበሩ ቁልፍ ያለ ውሳኔ ከእጃቸው ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ውሳኔው ደግሞ ቀደም ብለው ከተወሰኑት ጋር መስማማት እንዳለበት፣ ከእነዚያም አንዱ እሳቸው መሐል በወንበር ተቀምጠው ፎቶ እንደሚነሱ የሚገልጽ መሆኑን ተናግረዋል። ይህን ሲሉ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ያስተካክሉ ነበር። አቶ በዕውቀቱ ክፉ ሰው አይደሉም። ፎቶው ላይ መኖር ከልባቸው ፈልገው ነበር፣ ጸሐፊው ይህን በፊታቸው አይቷል።

አቶ ኢብራሂምም ያዩት ይመስላል። «አቶ በዕውቀቱ፣ ሰኞ ጠዋት ሱቅ ይምጡ። ለብቻዎ አነሳዎታለሁ። የሱቁ የመጨረሻ ፎቶ የእርስዎ ይሁን» ብለዋቸዋል።

ሊቀመንበሩ ጉርድ ነው ወይስ ሙሉ ቁመት ሲሉ ጠይቀዋል። ሙሉ ቁመት እንደሆነ ተነግሯቸዋል። መጋረጃው ነጭ ባይሆን ብለዋል። ሰማያዊ እንዳለ ተነግሯቸዋል።

ከዚህ በኋላ ሊቀመንበሩ የሚከተለውን አስረድተዋል። ኮሚቴው በሩ እንዲከፈት በጽሑፍ ከወሰነ ነገ አንዱ ምንጣፍ ላጥብ፣ ሌላው በግ ላሳድር እያለ ጣሪያው ይጠየቃል። ካልወሰነ ደግሞ ሰውየው ሰማዩ ያመልጠዋል። ስለዚህ የሚሻለው ኮሚቴው ጨርሶ ባያውቅ ነው። ሐሳቡን አቶ ሙለታ አቅርበውት ቢሆን ወ/ሮ ሠርካዲስ ይቃወሙት ነበር፣ ወ/ሮ ሠርካዲስ አቅርበውት ቢሆን አቶ ሙለታ። ሊቀመንበሩ ስላቀረቡት ሁለቱም ደግፈዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ፣ መስኮቱን ጨምሮ፣ ተወስኗል።

1. በዛሬው ስብሰባ የተላለፉ ውሳኔዎች በሙሉ፣ ኮከቦቹ እንዲወድቁ የተሰጠው ፈቃድ ሳይቀር፣ ተሽረዋል። ከእንግዲህ ኮከቦቹ የሚወድቁት በራሳቸው ኃላፊነት ነው።

2. የአቶ ኢብራሂም ማመልከቻ ለኮሚቴው እንዳልቀረበ ይቆጠራል። አቶ ኢብራሂምም ወደዚህ የገቡት ሰላም ለማለት ነው።

3. ፓውዛው ዛሬ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የሚበላሽ እንደሆነ 9 ሰዓት ላይ በራሱ እንደሚሻለው ኮሚቴው እምነቱን ገልጿል። ከሥሩ አምፖል አይበራም።

4. ማንኛውም የኮሚቴ አባል ዛሬ ሌሊት ወደ ጣሪያው ድርሽ እንዳይል፣ በተለይም አረንጓዴ ጥለት ለብሶ።

ጸሐፊው ስለ ቁልፎቹ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሊቀመንበሩን ጠይቋል። ሊቀመንበሩ የራሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከሁለቱ ጎን እያስቀመጡ «የምን ቁልፍ?» ብለዋል።

ስብሰባው ከምሽቱ 1፡50 ላይ ተዘግቷል። አባላቱ ጠረጴዛውን ሳያዩ ተራ በተራ ወጥተዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውም ቁልፍ ያዥ ሌላው መውጣቱን ቆሞ አላረጋገጠም። አቶ ኢብራሂም ግን ወንበር ላስነሳ ብለው ቀርተዋል። ጸሐፊው የቆዩትን መዝገቦች ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ሲመለስ ወንበሮቹ ተደርድረዋል፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው፣ ደረጃው ላይ ወደ ላይ የሚሮጥ የአንድ ሽማግሌ ኮቴ ይሰማል። ኮሚቴው ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቀው ነገር የለም።

ፈቃደ
ጸሐፊ (ፊርማ)